ከጣርማ በር ቁልቁል፦ ሮቢ ወንዝ ዳር የከረመ የፍራፍሬ እርሻ

ሐሙስ

ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ሁለት ዓይነት ልብስ ይያዝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ሮቢት ላይ ግን ቲሸርቱም ይከብዳል። በመካከላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የሄድነው ማንጎ ፍለጋ ነው ብል ውሸት አይሆንም። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ አጎቱ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ያረጀ የፍራፍሬ እርሻ አላቸው። ሰሞኑን ደውለው «ማንጎው ደርሷል፣ ግንቦት ሳይወጣ ኑ» አሉት። እኔም ተለጠፍኩበት። በበረሃ መሃል ምንጭ ፈልቆ፣ ዙሪያውን ቴምርና ሮማን በቅሎበት የሚያሳዩ ፎቶዎች ደስ ይሉኛል። የእኛ ቆላ ያንኑ ነገር በራሱ መንገድ እንዴት እንደሚሠራው ለማየት ጓጉቻለሁ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሰው ጠያይቀን በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጣን። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ንፋሷ በግንቦትም አይለዝብም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉ ያለ ነገር አይደለም።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጡሩንባ እየነፋ፣ በዝግታ ገባ። ዋሻው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተፈለፈለ ነው። ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ስትወጣ መሬቱ ከእግርህ ሥር ይጠፋል። ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ሌላ ገደል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እስከ አፋር የሚዘረጋ ቢጫ ሜዳ። ዝናቡን ደጋው ይቀበላል፤ ቆላው የሚኖረው ከደጋው በሚወርደው ወንዝ ነው። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አታዬ፣ ጀራ፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ። መድረሻቸው አዋሽ ነው። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች መንገድ ወደ 1,800 ሜትር ትወርዳለህ። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል፤ ሂሳቡን እዛው መሥራት ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት፤ ያልገዛ የለም። አርማንያን ስናልፍ ጃኬቴን አወለቅሁ። ጥዱና ባሕር ዛፉ ቀርቶ ግራርና ቁልቋል መጣ። ሮቢት ስንገባ ላብ በላብ ሆነናል።

ሸዋ ሮቢት በሌላው ሰው ዘንድ የምትታወቀው በማረሚያ ቤቷና በትምባሆ እርሻዋ ነው። አሁን አሁን በሽንኩርቷና በማሾዋም ስሟ ይነሳል። ማታ ዋና መንገዱ ዳር ቁጭ ብለን ማንጎ ጁስ ጠጣን። አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ። ቢምቢው ቀልድ አያውቅም፤ አገሩም የወባ አገር ነው።

ዓርብ

በባጃጅ ወንዙ ድረስ፣ ከዚያ በእግር። የሮቢ ወንዝ በግንቦት ወንዝ አይመስልም። ሰፊ የጠጠርና የአሸዋ ሜዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃ ይሄዳል። ከማዶ ግን ጥቁር አረንጓዴ የዛፍ ግድግዳ ቆሟል። በዚያ ነጭ ጠጠር ላይ ቆመህ ስታየው እውነት አይመስልም።

የጓደኛዬ አጎት ቦዩ ዳር ጠበቁን። እኔም እንደ እሱ ጋሼ አልኳቸው። «አሰላሙ አለይኩም፣ ደህና መጣችሁ? ደጋው እንዴት ነው?» አሉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጥላ። ፀሐዩ ላይ ቆሞ ሰላምታ ማስረዘም እዚህ አገር አይለመድም።

የመጀመሪያው ነገር የሚገርመው ቅዝቃዜው ነው። አስር እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተህ ሌላ አገር ነህ። እርሻው በረድፍ የተተከለ አይደለም፤ ተደራርቦ ነው የተተከለው። ከሁሉም በላይ የጋሼ አባት የተከሏቸው የማንጎ ዛፎች አሉ፤ አንዳንዶቹን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፋቸው። ከእነሱ ሥር ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ሎሚ፣ አንድ ሁለት ጊሽጣ አለ። ከዚያ በታች በርበሬና ስኳር ድንች። አጥሩ ቁርቁራና ቁልቋል ነው፤ ቁርቁራውም ፍሬ አለው፣ ልጆች ይለቅሙታል። በሰሜን አፍሪካና በአረብ አገር የበረሃ እርሻዎች ከላይ ሆኖ የሚያጠላው ቴምር ነው፤ ከሥሩ ሮማንና በለስ፣ ከዚያ አትክልትና የከብት መኖ። እዚህ የቴምሩን ሥራ ማንጎው ይሠራል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ፀሐዩን ከላይ የሚቀበል ዛፍ ካለ፣ ከታች ያለው በትንሽ ውሃ ይኖራል።

ቴምርም አላጣሁም። ጥጉ ላይ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ዛፍ አለች። ከአፋር የመጣ ቴምር ተበልቶ ፍሬው ሲጣል የበቀለች ናት አሉ። ታብባለች፤ ግን ወግ ያለው ፍሬ ሰጥታ አታውቅም። ጋሼ ምክንያቱን ያውቁታል። «ሴት ናት፤ ባል አላገኘንላትም» ብለው ሳቁ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። የቴምር ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። የለመዱት አገሮች ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ የወንዱን አበባ ሰበዝ በሴቷ ዘለላ መሃል ያስረዋል። አንድ ወንድ ዛፍ ለብዙ ሴት ይበቃል። ከፍሬ የበቀለ ቴምር ደግሞ ግማሹ ወንድ ነው የሚሆነው፤ እስኪያብብ ድረስ ለዓመታት አይለይም። ስለዚህ ቴምር ገበሬ ፍሬ አይተክልም፤ ከእናቲቱ ሥር የወጣውን ልጅ ነቅሎ ይተክላል። ጋሼ ከአሳይታ በኩል እንደዚያ ዓይነት ችግኝ የሚያመጣላቸው ሰው ሲጠብቁ ከርመዋል።

ፓፓያም ይኸው ጣጣ አለበት። ጋሼ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይተክላሉ። ሲያብቡ ቆመው ያያሉ። የወንዱ አበባ በረጅም ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ የሴቷ ግን ግንዱ ላይ ልጥፍ ያለ ነው። ወንዶቹ ይቆረጣሉ። «ሁሉንም አይደለም፣ ለዘር ያህል አንድ ሁለት ትተዋለህ» አሉኝ። አንዱን አሳዩኝ፤ አበባው ያማረ፣ ሥራ የሌለው የሚመስል፣ ሽቅርቅር ያለ ወንድ ነው።

ቀትር ላይ ጋሼ ለጁምዓ ሄዱ። እኛ ከልጃቸው ጋር ማንጎ መልቀም ያዝን። መልቀም ብል እሱ ለቀመ፤ እኛ ተቀበልን። ልጁ ዛፉ ላይ ወጥቶ ረጅም ዘንግ ይዟል። ጫፉ ላይ ትንሽ ከረጢትና የታጠፈ ሽቦ ታስሮበታል። ፍሬውን ከረጢቱ ውስጥ ያስገባና ሽቦውን ዘንጉ ላይ ጠምዘዝ ያደርጋል። ጭራው ሲቆረጥ ጠብ የምትል ወተት አለች። ፍሬው ላይ ከፈሰሰች ቆዳውን ታቃጥለዋለች፤ በነጋታው ጥቁር መስመር ሆና ትታያለች። ሰው ክንድ ላይም ካረፈች ታሳክካለች። ስለዚህ ልጁ ጭራውን ትንሽ ያስቀራል። እታች ስንቀበል ፍሬውን ገልብጠን ሣር ላይ እናስቀምጣለን፤ ወተቱ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ብለን። መሬት የወደቀው ለብቻው ይቀመጣል። ያ ለሮቢት ጁስ ቤቶች ነው፤ አዲስ አበባ አይደርስም።

ማንጎው የአገር ማንጎ ነው። ክር አለው፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሽታው ግን ከሩቅ ይጠራል። አዲሶቹ የተሻሻሉ ዝርያዎች፣ እነ ቶሚ አትኪንስና ኬንት፣ ክራቸው ያነሰ ነው፤ ቶሎ ይደርሳሉ፣ ዛፋቸውም አጭር ስለሆነ ለለቀማ ይመቻሉ። ጋሼም አራት ተክለዋል። ለገበያ እሱ ይሻላል፤ አልክድም። ለመብላት ግን እኔን የአገሩን ስጡኝ።

ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ቅጠል ገልብጬ አየሁ። ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ነጭ ነጠብጣቦች ናቸው፤ በጥፍር ሲፋቁ ከሥራቸው ትንሽ ተባይ አለች። በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ውስጥ፣ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የማንጎ ነጭ ተባይ ነው። የቅጠሉንና የፍሬውን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ የተቀመጠበት የፍሬ ቆዳ ላይ ምልክት ይቀራል፣ ነጋዴም በዚያ ሰበብ ዋጋ ይሰብራል። መርጨት ይቻላል፤ ግን በጀርባ የሚታዘል መርጫ እዚህ ዛፍ ጫፍ የት ይደርሳል? የጋሼ ዘዴ መመልመል ነው። መሃሉን አሳስተው ብርሃንና ንፋስ ያስገባሉ፣ የተቆረጠውን ያቃጥላሉ። ዘንድሮ የተመለመሉት ዛፎች ቅጠላቸው የጠራ ነበር።

ምሳ የማሽላ እንጀራ በቀይ ወጥ፣ ቀጥሎ ቡና። የጋሼ ባለቤት «ብሉ እንጂ! የከተማ ሰው በማየት ነው እንዴ የሚጠግበው?» እያሉ አላስቀመጡንም።

ዓርብ ሌሊት

ውሃው የመጣው ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ለእኔ የጉዞው ዋና ነገር ይሄ ነበር።

እዚህ አገር ዛፍ አለኝ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። ተራ አለኝ ማለት ነው ትልቁ ነገር። ቦዩ ከወንዙ ተጠልፎ ብዙ ማሳ ያጠጣል። ለእያንዳንዱ ማሳ ቀንና ሰዓት አለው። ይህን የሚያስተዳድሩት የውሃ አባት ይባላሉ፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሽማግሌ ናቸው። ዓርብ ቀትር ለሙስሊም፣ እሁድ ጠዋት ለክርስቲያን ተራ አይወጣም። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልጻፈውም፤ ድሮም እንደዚያው ነው አሉን። ቀን የሚያጠጣ ሰው ከውሃው ብዙውን ለፀሐይ ይገብራል። ስለዚህ የሌሊት ተራ እንቅልፍ ቢነሳም ይወደዳል።

በባትሪ መብራት ወጣን። የውሃ አባቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቦዩ ራስ ላይ ቆመዋል። በፊት ሰዓቱን የሚለዩት በኮከብና በዶሮ ጩኸት ነበር። አሁን ኪሳቸው ውስጥ ያለች የድሮ ኖኪያ ትጮሃለች። ስትጮህ «ግባ!» አሉ። ጋሼ በዶማ የጎረቤቱን መግቢያ በጭቃና በሣር ደፈኑ፣ የራሳቸውን ከፈቱ።

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰማው ውሃ አይደለም። የደረቀ ቅጠል ነው የምትሰማው። ግንባሩ ላይ ቅጠሉን፣ ሰበዙን፣ አረፋውን እየገፋ በቦዩ ውስጥ ሲሳብ ኮሽ ኮሽ ይላል። ጉንዳኖች ቀድመውት ሙዙ ግንድ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ እንቁራሪቱ ከየት መጣ ሳትል ይጀምራል።

ጋሼ ባትሪ አልያዙም፤ በባዶ እግራቸው ነው የሚለኩት። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ሲደርስ ወደሚቀጥለው መደብ ያዞሩታል። ማንጎ ላይ ግንዱን አያጠጡም። የጥላው ዳር ላይ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል፤ ሥሩ የሚጠጣው እዚያ ነው። ፓፓያው አፈር ታቅፎለት ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ውሃ ግንዱ ላይ ከተኛ ይበሰብሳል። ሙዙ ደግሞ ጠግቦ አያውቅም። «ሙዝ እንግዳ ነው፣ ቅድሚያ ይስተናገዳል» አሉኝ። ማንጎ ከማበቡ በፊት ሆን ብለው ያስጠሙታል። ውሃ ከጠገበ ቅጠል ማብዛት ይወዳል፤ ሲጠማ ነው አበባ የሚያስበው። ፍሬ ከያዘ በኋላ ግን ማስጠማት የለም፤ ያራግፋል።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ኖኪያዋ እንደገና ጮኸች። ጋሼ ለመጨረሻው መደብ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር። የውሃ አባቱን ቀና ብለው አዩአቸው። እሳቸውም ወደ ሌላ በኩል ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያቺ መደብ ጠጣች።

ቅዳሜ

አርፍደን ተነሳን። ወደ ውሃው ራስ በእግር ወጣን። መጥለፊያው ድንጋይ፣ የግራር ቅርንጫፍና አሸዋ የሞላባቸው ጆንያዎች ክምር ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል። መስከረም ላይ ሁሉም ወጥቶ እንደገና ይሠራል፤ ቦዩንም ይጠርጋል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ሲሚንቶ ቢሆን አይሻልም ወይ ብዬ ስጠይቅ ጋሼ ይሻላል አሉ። ግን በወንዙ የሚወርደውን ድንጋይ መጠን በእጃቸው አሳዩኝ፤ በሬ ያክላል።

ከመጥለፊያው በላይ ነው ክርክሩ። ወንዙ ዳር የውሃ ሞተሮች ተደርድረዋል። የሚያጠጡት ቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ከተከሉት ከሦስት አራት ወር በኋላ ገንዘብ ይሆናል። ከፍሬ የተዘራ ማንጎ ግን ለፍሬ ስድስት ሰባት ዓመት ያስጠብቃል። ሞተሮቹን የሚያሠሩት አብዛኞቹ መሬት የተከራዩ ወጣቶች ናቸው። ሞተር ተራ አያውቅም፤ ናፍታ እስካለው ይስባል። ከታች ያለው ቦይ ደግሞ ይደርቃል። ሁለት የጋሼ ጎረቤቶች የማንጎ ዛፋቸውን ቆርጠው ሽንኩርት ተክለዋል። ጉቶዎቹን አየናቸው።

ወጣቶቹ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። መሬት የለው፣ ሥራ የለው፣ ምን ይብላ? ግን ሞተሩም ተራ ይግባ የሚለው የጋሼ ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል። ሰባት ዓመት የሚጠበቅ ዛፍ የሚተክል ሰው፣ ውሃው ከሰባት ዓመት በኋላም በተራው እንደሚመጣ ማመን አለበት። ያንን ካላመነ ሽንኩርት ነው የሚተክለው። እኔም ብሆን ሽንኩርት ነው የምተክለው። የውሃ አባቱ ከሞተረኞቹ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ይዘዋል። ከሞተረኞቹ አንዱ እዚያው አግኝቶን «ተራ ከተሰጠን እኛም እንተኛ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር እየጠበቅን ነው የምናድረው» አለ። ከጠብ ይልቅ ድካም ነው የሰማሁበት።

ስንመለስ ጓደኛዬ ስለ ይፋት አነሳ። ይህ አካባቢ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሳው የይፋት ሱልጣኔት አገር ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የደማስቆው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ስለ ይፋት ጽፏል። አገሩን ራሱ አልረገጠውም፤ ከዚህ በኩል ከሄዱ ሰዎች ሰምቶ ነው። ከሰማቸው ነገሮች መሃል ሙዝ፣ ሎሚና ሸንኮራ አገዳ አሉ። ለጋሼ ነገርኳቸው። «ታዲያ ያለ ውሃ ነው እንዴ ያበቀሉት? ያኔም ተራ ነበረ ማለት ነው» አሉ። ታሪክ አዋቂ ምን ይል ይሆን? እኔ መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው መጣ። ብዙ ገበሬ ማንጎውን የሚሸጠው ገና በአበባው ወይም በእንቡጡ ነው። ነጋዴው ዛፉን ዞር ዞር ብሎ ያይና በግምት ይገዛል። ገበሬው እህል ባለቀበት ሰዓት ጥሬ ገንዘብ ያገኛል፤ ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ቢሆን የእሱ አይደለም። ነጋዴው በበኩሉ በረዶ ቢመታው ኪሳራው የሱ ነው ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ግን ዛፉ የእሱ ስላልሆነ ሠራተኞቹ በዱላ ያራግፉታል፣ ቅርንጫፍ ይሰብራሉ፣ ለከርሞ አያስቡም። ጋሼ በአበባው መሸጥ ካቆሙ ቆይተዋል። በኪሎ ነው የሚሸጡት፤ ልጃቸው ይለቅማል፣ እሳቸው ሚዛኑን ያያሉ። ክርክሩ ረጅም ነበር። ነጋዴው የነጩን ተባይ ምልክት እየፈለገ፣ ጋሼ ንጹሑን እያገላበጡ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ሁለቱም ያኮረፉ መስለው ሻይ አብረው ጠጡ።

እሁድ

ጠዋት ማንጎው በሣጥን ተደርድሮ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ለሩቅ መንገድ የሚሄደው ጠንካራ ሳለ ነው የሚለቀመው፤ በመንገድና በመጋዘን ይበስላል። ለእኛ ግን ዛፍ ላይ የበሰለውን አንድ ካርቶን አሰናዱልን። የጋሼ ባለቤት ሎሚና በርበሬ ጨመሩበት። እምቢ ማለት አይሞከርም።

ወደ ላይ ስንወጣ ሁሉም በተቃራኒው ተደገመ፤ ቁልቋሉ፣ ጥዱ፣ ጉሙ፣ ጃኬቱ። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። መንገድ ዳር አንዲት እናት ማንጎ አራት አራት አድርገው ቆልለዋል። ቅርጹም ሽታውም የምናውቀው ነው።

«እናቴ፣ ከየት የመጣ ነው?» አለ ጓደኛዬ።

«የአርባ ምንጭ ነው ልጄ፣ ማር የሆነ!»

ጓደኛዬ አንዱን አንስቶ አገላበጠ። ጭራው ትንሽ ቀርቷል።

«የሮቢት ይመስላል» አላቸው።

እናትየው ወዲያ ወዲህ አዩና ድምጻቸውን ቀነስ አደረጉ። «የሮቢት ነው ስል ዋጋ ይከራከሩኛል። አርባ ምንጭ ስል ዝም ብለው ይገዛሉ። ምን ላድርግ?»

ካርቶን ሙሉ ማንጎ መኪና ውስጥ እያለን ሁለት ቁልል ገዛን። ጓደኛዬ አልተከራከረም።